«ያው ባህሪው ነው» አትበሉን

(ሐዋሳ ላይ ለወላጆች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለእድር ተወካዮች በተዘጋጀ ስብሰባ የተናገርኩት ነው። የደጋገምኩትንም ሳልቆርጥ እንዳለ ለጥፌዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ!

እስቲ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ አትሳቀቁ። ቢጮሁም ይጩሁ። ተነስተው ቢዞሩም ይዙሩ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንም «ልጅሽን ያዢ» አይላችሁም። ከታቦር፣ ከአቶቴ፣ ከቱላ የመጣችሁ፣ ከይርጋለምና ከወንዶ ገነት በጠዋቱ መኪና ይዛችሁ የደረሳችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ተረኛ አድራችሁ ቤት ሳትገቡ በቀጥታ የመጣችሁ የጤና ባለሙያዎችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። እህትም ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ወረፋ ጠብቄም አውቃለሁ፣ ወረፋ አስጠብቄም አውቃለሁ።

ዛሬ የማወራው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆቻችን ሕመም ለምን እንደማይታየን። ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ፣ ሐኪም ቤቱስ ምን ያድርግልን። ሦስተኛ፣ መድኃኒት። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ከዚያ በፊት ግን በአንድ ነገር እንግባባ። የአእምሮ እድገት ውስንነት በሽታ አይደለም። የአእምሮ ሕመምም አይደለም። በመርፌ የሚወጣ፣ በኪኒን የሚጠፋ ነገር አይደለም። ልጁ ለመማር፣ ነገር ለመረዳት፣ ራሱን ለመቻል ከእኩዮቹ የበለጠ ጊዜና እገዛ ይፈልጋል፤ ይኸው ነው። መነሻው ብዙ ነው። ምጥ ረዝሞ፣ ታፍኖ የተወለደ ሕፃን አለ። ማጅራት ገትር ይዞት የተረፈ አለ። እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን አጥሯት የተጎዳ አለ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ደግሞ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ ነው የሚወለዱት። መነሻው የማይታወቅም ብዙ ነው። እርግማን የሚባል መነሻ ግን የለም። የለም! እናቶች፣ ይቺን ነገር በደንብ ያዙልኝ። ጎረቤት ይበል፣ አማት ትበል፣ ማንም ይበል፣ ያመጣችሁበት ኃጢአት የለም።

እሺ። ወደ መጀመሪያው ልግባ።

ወንድሜ ብዙ አያወራም። ጥቂት ቃላት አሉት፣ እነሱንም የሚያወጣቸው ደስ ሲለው ነው። አንድ ሰሞን ፊቱን በጥፊ መምታት ጀመረ። ሌሊት ይነሳል። ምግብ ሲቀርብለት ይጎርስና ይተፋዋል፣ እሱ እኮ ከገበታ ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ነው። እናቴ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየው። «ምን ሆኖ ነው?» አላት። «ራሱን ይመታል፣ አይበላም» አለችው። «እናቴ፣ ያው ባህሪው ነው። እንደዚህ ያሉ ልጆች ያደርጉታል» አለና የሚያስተኛ መድኃኒት ጻፈለት። አልነካውም። አፍህን ክፈት አላለውም። ወንድሜ ኪኒኑን ዋጠና ተኛ። ሲነቃ እንደገና ፊቱን መታ።

ነገሩን ያገኘችው እናቴ ናት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ስታየው ስታየው ቆይታ «ሁልጊዜ የሚመታው ቀኝ ጉንጩን ብቻ ነው እኮ» አለችኝ። በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ዱካ ላይ አስቀመጥነው። እናቴ እጁን ያዘችው። እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ «እስቲ እንደ አንበሳ!» አልኩት። አንበሳ መሆን ይወዳል። አፉን ከፈተ። ከታች በቀኝ በኩል የመጨረሻው ጥርሱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፣ ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል። ጥርሱ ተነቀለ፣ አንቲባዮቲክ ወሰደ። ጥፊው ቆመ። እንቅልፉም መጣ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እኛ ጥርሳችን ሲመግል ጉንጫችንን አንይዝም? ሌሊት አንቀመጥም? ቤተሰቡ ላይ አንጮህም? እኛ ስናደርገው «ጥርሱን አሞት ነው» ይባላል። እሱ ሲያደርገው ለምንድነው «ባህሪው ነው» የሚባለው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። የእኛ ልጆች ግን አልደበቁም። በእጃቸው ተናገሩ፣ በጩኸታቸው ተናገሩ፣ ምግብ በመተው ተናገሩ። ያልሰማነው እኛ ነን።

ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች፣ የእኔ ጓደኞች፣ ይቺን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ባህሪው ከተለወጠ፣ መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ። ባህሪው ከተለወጠ፣ መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ! ጥርሱን እዩ። ጆሮውን እዩ። ሆዱን ዳብሱ። ሽንቱን መርምሩ። እግሩን አንሱና ጫማው ውስጥ ያለውን እዩ። ይኼን ሁሉ አይታችሁ ምንም ካጣችሁ፣ ያኔ ስለ ባህሪ እናወራለን።

ጆሮ ስል አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። ዳውን ሲንድረም አለባት። «አትታዘዝም፣ እልኸኛ ናት፣ ስትጠራ አትመጣም» ተብላ ነው የመጣችው። ጆሮዋ በኩክ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ጠብታ ታዞላት፣ ቆይቶ ሲታጠብላት፣ ወጥታ ኮሪደር ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ስትሰማ ዘላ እናቷን አቀፈቻት። እልኸኛ አልነበረችም። አይሰማትም ነበር። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች የጆሮ ችግር በጣም ያጠቃቸዋል፣ የዓይንም እንደዚያው። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር አለባቸው። ስለዚህ ሕፃኑ ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ «ያው ደካማ ነው» ብላችሁ ቤት አታስቀምጡት። የልብ ምርመራ እንዲታዘዝለት ጠይቁ። ባይታይበትም ጠይቁ።

ታይሮይድም አለ። ዳውን ሲንድረም ያለበት ወጣት፣ ሲጫወት የነበረ፣ ቀስ በቀስ ይፈዛል። ይወፍራል። ብርድ ብርድ ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ቤተሰብ «አደገና ሰነፈ» ይላል። የእንቅርት እጢው ሥራ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራ ይለየዋል፣ በየቀኑ በምትዋጥ አንዲት ኪኒን ይስተካከላል። በኪኒን የሚመለስ ልጅ «ሰነፈ» ተብሎ ዓመታት ሲተኛ ያሳዝናል፣ በእውነት ያሳዝናል።

አሁን ደግሞ ስለ ሆድ ድርቀት ላውራ። አትሳቁ። ሆድ ድርቀት ሰው ይገድላል። እንቅስቃሴያቸው ያነሰ፣ ውኃ የማይጠጡ፣ ብዙ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች አንጀታቸው ጠጥሮ ሊዘጋ ይችላል፣ ሆዴን ደረቀኝ ብለው ግን አይናገሩም። እዚሁ ሐዋሳ አንድ አባት አውቃለሁ፣ ጡረተኛ ናቸው። ጎልማሳ ልጃቸውን የሚያስታምሙት ብቻቸውን ነው። ግድግዳቸው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ልጃቸው ሽንት ቤት ሄዶ በቀናው ቀን ሁሉ በእስክሪብቶ ነጥብ ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ልጁ ግድግዳ ሲመታና ምግብ ሲገፋ የቀን መቁጠሪያውን ነቅለው ጠቅልለው ሐኪም ቤት ይዘውት ሄዱ። ሐኪሟ ዘረጋችው። ሳምንት ሙሉ ነጥብ የለም። ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋትም፣ ወዲያው አልጋ ላይ አስተኝታ ሆዱን ዳሰሰች። ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ ካሉ እጅ እነሳለሁ። የእርስዎ እስክሪብቶ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ይኼ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር፣ ሁሉም ሰው በነፃ በሚታከምበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሜንካፕ የሚባል ድርጅት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስድስት ሰዎች ሕክምና ላይ እያሉ እንዴት እንደሞቱ ይፋ አወጣ። አንደኛው ስትሮክ መትቶት መዋጥ ያቃተው ሰው ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ነርሶች በዙሪያው እያሉ፣ 26 ቀን ምግብ አላገኘም። ሃያ ስድስት ቀን! አንዱ ሌላው መግቦታል ብሎ ያስባል፣ እሱ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ሕዝብ 13 ዓመት፣ ሴቶች ደግሞ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። የገደላቸው ውስንነቱ ራሱ አይደለም። ብዙዎቹን የጎዳቸው የዘገየ ምርመራና ሕክምና ነው።

ግን ዝም አላሉም። ዕድሜው 14 የሞላው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሳያመው፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲታይ አደረጉ። ሳያመው! ምክንያቱም ሲያመው አይናገርማ። ሆስፒታል ሲገባ ይዟት የሚሄድ፣ ስለሱ የምትናገር ወረቀትም አበጁለት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የጤና ሠራተኛ ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ እንዲሠለጥን ሕግ አወጡ። ሕግማ እኛም አለን። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አንቀጽ 25ን አንብቡት። በአካል ጉዳት ምክንያት ሕክምና መከልከል ብቻ ሳይሆን ምግብና ፈሳሽ መከልከልም እንዳይኖር ይላል። የ26 ቀኑን ሰው አስታውሱ፣ ለምን እንደተጻፈ ይገባችኋል።

ወደ ሁለተኛው።

ወላጆች፣ ያቺን ወረቀት ዛሬ እንሠራታለን። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። አንድ ገጽ ናት። ከላይ ስሙና መጠራት የሚወደው ስም። ከዚያ ደህና ሲሆን ምን ይመስላል? ሲያመውስ ምን ያደርጋል? ይቺ ጥያቄ ዋናዋ ናት። «ሲያመው ጥግ ይይዛል»፣ «ሲያማት ጆሮዋን ትጎትታለች»፣ «ሲያመው ይስቃል» ብላችሁ ጻፉ። አዎ፣ ሲያመው የሚስቅ ልጅ አለ። ምን ያስፈራዋል? በምን ይረጋጋል? እንዴት ይበላል፣ ትን ይለዋል ወይ? የትኛውን መድኃኒት ስንት ይወስዳል? ምን አይስማማውም? ከናንተ ሌላ ማን ያውቀዋል?

ይቺ የመጨረሻዋ ለምን እንደገባች ታውቃላችሁ። «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» የማይል ወላጅ እዚህ የለም። እናቴም ትለዋለች። መልሱን ዛሬ አልሰጣችሁም። ግን እናንተ አልጋ ብትይዙ ልጁን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ከአሁኑ ይኑር። ታላቅ እህት ትሁን፣ አክስት፣ የሰፈሩ የእድር ሰው፣ ማንም ይሁን፤ ከናንተ ጋር አንድ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ይሂድ። የእድር ሰብሳቢዎች፣ እናንተን የጠራናችሁ ለዚህ ነው። ለቀብር ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ለዚህ ደግሞ ሰው መድቡልን።

የጤና መድን ደብተሩንም እዩት። የልጁ ስም አለበት ወይ? ተመዝግቧል ወይ? ከልጆቹ ሁሉ እሱ ብቻ የተዘለለበት ደብተር በዓይኔ አይቻለሁ። ሂዱና አስመዝግቡ።

የጤና ባለሙያዎች፣ አሁን ወደናንተ ልምጣ። የካርድ ክፍል ሠራተኞችና ጥበቃዎችም ጭምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ ነው። ጫጫታ የሚያስጨንቀውን ልጅ ሰው በተጨናነቀበት አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዓት ካስቀመጣችሁት፣ ወረፋው ሲደርስ የምታገኙት ልጅ ሌላ ነው። ወይ የመጀመሪያው ወይ የመጨረሻው ተራ ይሰጠው። ውጭ ዛፍ ሥር ይጠብቅና ይጠራ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደብዳቤ አይጠይቅም።

እሱን አናግሩት። ቀድሞ ለእሱ «ሰላም፣ ስምህ ማነው?» በሉት። ባይመልስም በሉት። ከዚያ እናቱን ትጠይቃላችሁ። ማዳመጫችሁን አሳዩት፣ ይንካው፣ መጀመሪያ የእናቱ ደረት ላይ አድርጉት። ደም ልትቀዱ ከሆነ ንገሩት፤ ሦስት ሰው ሆናችሁ ዘላችሁ አትያዙት። አንድ ጊዜ እንደዚያ የተያዘ ሰው ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ይሮጣል። እምቢ ካለ፣ አጣዳፊ ካልሆነ፣ ነገ ይምጣ። ከበንሳ የመጣች ሲዳሙ አፎ ብቻ የምትናገር እናት ካለች ደግሞ የሚያስተረጉም ሰው ፈልጉ፣ ምክንያቱም የልጁ ቃል ያለው እሷ አፍ ውስጥ ነው። እሷን ካልሰማችሁ እሱን አልሰማችሁም።

ስለ ሴት ልጆቻችንም ልናገር፣ ይኼን ማንም አያነሳውም። የወር አበባ ሕመም አለባቸው። ጡት አላቸው፣ ማህፀን አላቸው፤ ምርመራ ይገባቸዋል። የሚደፍራቸው ሰውም አለ፣ ብዙ ጊዜም የሚያውቁት ሰው ነው። አንዲት ልጅ በድንገት መታጠብ ከፈራች፣ ልብሷን አላወልቅም ካለች፣ አንድን ዘመድ ስታይ ከተደበቀች፣ እዚህም ላይ «ባህሪዋ ነው» እንዳትሉ። እባካችሁ። በቶሎ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል። ጊዜው ቢያልፍም አምጧት፤ ሌላ ብዙ የሚደረግላት ነገር አለ።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው፤ አጠር አደርገዋለሁ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል የሚጥል በሽታም አለበት። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ይገኛል፣ ፌኖባርቢታል ለምሳሌ። ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት። ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ። ይዛችሁ አትጫኑት። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት እዩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ባጃጅ ጥሩና ሩጡ።

ጸበልም ጸሎትም የምትሄዱ አላችሁ። እኔም ወንድሜን ይዤ እሄዳለሁ። ሂዱ። ግን ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ በሽታው ሳይታሰብ ነው የሚመጣው፣ እየደጋገመ ጥሎ ሊገድል ይችላል። ካህናትም፣ ፓስተሮችም፣ ሼኮችም ይኼን እንዲነግሩልን ሄደን እንለምናቸዋለን። ከለመንናቸው ውስጥ ከመድረክ የተናገሩልን አሉ፣ ተባረኩ።

ሌላው የሚያረጋጋው ኪኒን ነው። የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ሕመሙ ሳይፈለግ ዝም ለማሰኘት የሚሰጥ ብዙ ነው። እነ ክሎርፕሮማዚን ሆድ ያደርቃሉ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያብሱበት ይችላሉ። አያችሁ? ሆዱ ደርቆ የጮኸ ልጅ፣ ሆድ የሚያደርቅ ኪኒን ይሰጠዋል። ወላጆች፣ አቁሙ አላልኩም፤ በራሳችሁ አታቁሙ። ግን ጠይቁ። «ይኼ ለምንድነው የታዘዘው? እስከ መቼ ነው የሚወስደው? መቼ ነው የምታዩት?» በሉ። ሐኪም ቢቆጣችሁም ጠይቁ። የሚቆጣ ሐኪም ካለ እኔን ጥሩኝ።

ጨረስኩ። አሁን ሻይ አለ፣ ዳቦም አለ። ከሻይ በኋላ ወደ ኋላው ጠረጴዛ እንሂድ። መጻፍ የማትችሉ፣ ነርሶቹ አጠገባችሁ ተቀምጠው ይጽፉላችኋል፤ በሲዳሙ አፎም በአማርኛም በወላይትኛም የሚጽፉ አሉ። ልጆቹም አብረዋችሁ ይቀመጡ፣ ራሳቸውም ይጠየቁ፣ መናገር የሚችል ይናገር። ሁለት ሁለት ኮፒ ውሰዱ፤ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ አንዱን ካርዱ ውስጥ እንዲያያይዙት ሰኞ ለጤና ጣቢያችሁ ስጡ። አናያይዝም የሚል ካለ ስልክ ደውሉልኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።